አንዱ ጎማ ሲሽከረከር ሌላው ለምን ይቆማል?

ክረምት ላይ ከአየር ጤና ወይም ከዓለም ባንክ ዋናውን አስፋልት ለቀው ወደ መንደር በሚያስገቡ ዳገቶች ይህን ማየት ብርቅ አይደለም። አንዲት ቪትዝ ከላይ ለሚወርድ አይሱዙ መንገድ ልትለቅ ወደ ቀኝ ጠጋ ትላለች። የቀኝ የፊት ጎማዋ ከኮብልስቶኑ ወርዶ ጭቃ ውስጥ ይገባል፤ የግራው ደህና ድንጋይ ላይ ነው። ሹፌሩ ነዳጅ ሲሰጥ የቀኙ በባዶው እየተሽከረከረ የገፊዎቹን ሱሪ ጭቃ ያለብሳል። መርገጫ ያገኘው የግራው ጎማ ንቅንቅ አይልም። «ርገጠው! ርገጠው!» ይላል ሰፈሩ። ቢረግጠውም የሚጨምረው ጩኸቱ ብቻ ነው።

ሹፌሩ አልሰነፈም፤ የዲፈረንሻሉ ተፈጥሮ ነው። መኪና ሲታጠፍ በውጭ በኩል ያለው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ሁለቱ በአንድ ብረት ተጠፍረው እኩል ቢዞሩ አንዱ መሬቱን እየፋቀ ጎማ ይበላል፣ መሪውም ይከብዳል። ዲፈረንሻል የተፈለሰፈው ለዚህ ነው። ፈረንሳዊው ኦኔሲፎር ፔኬር እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ መጨረሻ በእንፋሎት ለሚሄድ ተሽከርካሪ አስቦት ነበር፤ ዛሬ ባለሦስት እግሯ ባጃጅም ሳትቀር አላት። በቪትዝ ላይ ከካምቢዮው ጋር አብሮ ስለተቀመጠ ከሥር ጎንበስ ብሎ ለሚያይ ለብቻው አይታይም።

ሥራው ለሁለቱ ጎማዎች ጉልበትን እኩል አካፍሎ ፍጥነታቸውን እንደየመንገዳቸው መልቀቅ ነው። መዘዙ የሚመጣው ከዚሁ እኩልነት ነው። ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሞፈሩ የሚታሰረው ቀንበሩ መሃል ላይ ነው፤ አንዱ በሬ ሲለግም ቀንበሩ ይዞራል እንጂ የብርቱው በሬ ጉልበት ብቻውን ማረሻውን አይስብም። ብርቱው መሳብ የሚችለው ሰነፉ የሳበውን ያህል ነው።

በቁጥር እንየው። ከነሰዎቹ 1,000 ኪሎ የምትመዝን መኪና በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ለመውጣት 100 ኪሎ ያህል ግፊት ያስፈልጋታል። ጭቃ ላይ ያለው ጎማ 30 ኪሎ ሲደርስ ይንሸራተታል እንበል፤ ድንጋይ ላይ ያለው 200 ኪሎ ይችላል። ተራው ዲፈረንሻል ለሁለቱም የሚሰጠው የደካማውን ልክ ስለሆነ ድምሩ 60 ነው፤ መኪናዋ ቆመች። መንሸራተትን የሚገድበው፣ ባለሙያዎች ሊሚትድ ስሊፕ የሚሉት ዓይነት፣ ደህናው ጎማ የደካማውን ሁለት ተኩል እጥፍ እንዲሸከም ያደርጋል ብንል 30 እና 75 ተደምረው 105 ይሆናሉ። ለጥቂት ወጣች።

አሁን ግራውም ጭቃ ውስጥ ይግባ። 30 እና 30፤ መልሱ በየትኛውም ዲፈረንሻል 60 ነው። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ያበቃል ማለት ይቻላል፦ ሊሚትድ ስሊፕ ያለውን መርገጫ በደንብ ያካፍላል፣ የሌለውን አይፈጥርም።

ሚኒሶታ፣ ካልጋሪ ወይም ስቶክሆልም ያሉ ወገኖቻችን በፊት እግሩ የሚነዳ መኪና ገዝተው በረዶው ሲመጣ የሚጠይቁትም ሊሚትድ ስሊፕ ይረዳ እንደሆነ ነው። አንዱ ጎማ የተጠረገ አስፋልት፣ ሌላው በረዶ ላይ ሆኖ ለመነሳት ይረዳል። ኩርባ ላይ ግን ሌላ ጣጣ አለ። የፊት ጎማ ይጎትታል፣ ይታጠፋልም። ተራው ዲፈረንሻል አንዱን ጎማ ሲያንሸራትት ሌላው መኪናውን በመስመሩ ይይዛል፤ ጠንካራ ሊሚትድ ስሊፕ ሁለቱንም አብሮ ካንሸራተተ መሪው ታጥፎ መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መሪውንም ከእጅ ሊነጥቅ ይሞክራል። ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ጥቅሙ ከቁጥር አይገባም። የስዊድን ሕግ በክረምት መንገድ ላይ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የክረምት ጎማ እንጂ የተለየ ዲፈረንሻል አለማስገደዱ ያለ ምክንያት አይደለም።

እኛ ዘንድም ቢሆን ጥርሱ ባለቀ ጎማ ጭቃ ላይ ወጥቶ ስለ ዲፈረንሻል ማማረር ለእኔ ቅንጦት ነው። መረሬ አፈር የጎማውን ቦይ ከሞላው በኋላ ጎማው ለስላሳ ሆነ ማለት ነው፤ ጥልቅ ጥርስ ያለው ቢያንስ አራግፎ ይጥለዋል። ለቪትዝ ሊሚትድ ስሊፕ ማስገባት ካምቢዮ ማውረድና መፍታት ሊጠይቅ ነው፤ በዚያ ገንዘብ መጀመሪያ አራት ጎማ ይገዛ።

ሌላም የማይረባ ምክር አለ፦ «የእጅ ፍሬን ትንሽ ሳብ አድርግ።» በላዳ ይሠራ ነበር። ላዳ የምትነዳው በኋላ እግሯ ነው፣ የእጅ ፍሬኗም የሚይዘው የኋላውን ነው፤ የሚሽከረከረውን ጎማ ትንሽ ሲይዘው ጉልበቱ ወደ ሌላው ይሻገራል። በቪትዝ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የማይነዱትን የኋላ ጎማዎች ስለሆነ ጭነት መጨመር ብቻ ነው። ዳገቱን በማርሻ ዲየትሮ፣ ኋላን አስቀድሞ መውጣት ግን እውነተኛ ዘዴ ነው። ዳገት ላይ ክብደት ወደ ቁልቁሉ በኩል ያዘነብላል፤ በኋላ ማርሽ ሲወጣ ቁልቁል ያሉት የሚነዱት ጎማዎች ናቸው። መንገዱ ጠባብ ከሆነና ከኋላ ልጆች ካሉ ግን ይቅር።

የላዳውን ዘዴ ዛሬ ኮምፒውተር ወስዶታል። ኢትዮጵያ ነዳጅ የሚጠጡ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለችበት እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ እየበዙ የመጡት እንደ ቢዋይዲ ዶልፊን ያሉ (ሚኒባሱን አላልኩም) የኤሌክትሪክ መኪኖች በፊት እግራቸው ነው የሚነዱት። ሞተራቸው ጉልበቱን በአንድ ጊዜ ስለሚለቅ እርጥብ ድንጋይ ላይ ጎማ ማሽከርከር ይቀናቸዋል፤ ለዚህም ትራክሽን ኮንትሮሉ ያበደውን ጎማ ብቻውን በፍሬን እየያዘ ሌላውን ያሠራል። በጥልቅ ጭቃ ግን ይኸው ኮምፒውተር ጉልበቱን እስከ መቁረጥ ይደርሳል፤ ሹፌሩ ይረግጣል፣ መኪናው ዝም ይላል። ያኔ ትራክሽኑን ለጊዜው አጥፍቶ ቀስ ብሎ ወጥቶ አስፋልት ሲረግጡ መልሶ ማብራት ነው።