የአልጋ ኪራይና የእንግዳ አደራ፤ ስለ ካርቱም ማደሪያ ቤቶች

በቀድሞ ዘመን መንገደኛ ሲመሽበት ከአንድ ቤት ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ይል ነበር። ባለቤቱም እግሩን አጥቦ፣ ካለው ከፍሎ አብልቶ ያሳድረዋል እንጂ ዋጋ አይጠይቀውም ነበር። በአዲስ አበባ የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በተከፈተ ጊዜ፣ እንጀራን በገንዘብ ገዝቶ መብላት ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር፣ እንዲያውም እንደ ነውር የሚቈጠር እንደ ነበረ ይነገራል። ዛሬ ግን ነጋዴም ሹምም ከከተማ ወደ ከተማ ሲዘዋወር ማደሪያው ሆቴል ነው። ይሁን እንጂ በእንግዳውና በአሳዳሪው መካከል ገንዘብ ስለ ገባ፣ የቀድሞው የእንግዳ አደራ ቀርቷል ወይስ አልቀረም? ይህን ጥያቄ ለመመርመር የካርቱምን ማደሪያ ቤቶች ያህል የሚያስተምር ብዙ የሚገኝ አይመስለንም።

ካርቱም ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ የሚገናኙባት ከተማ ስለ ሆነች፣ የእኛ አገር ሰዎች ከጥንት ጀምረው የሚመላለሱባት ናት። አንዳንዱ ለንግድ፣ አንዳንዱ ለሥራ፣ ብዙው ደግሞ በስደት ሄዶባታል፤ ዴም በሚባለው ሰፈር የሐበሻ ምግብ ቤትና የጀበና ቡና የሚያፈሉ ሴቶች ይገኙ ነበር። በእግዚአብሔር ቸርነት ዘመድ ያለው ወደ ዘመዱ ይሄዳል። ዘመድ የሌለው ግን ከከሰላ ወይም ከገዳርፍ የሚመጣው አውቶቡስ በከተማዋ ደቡብ «ሚና አል ባሪ» በሚባለው ጣቢያ ሲያወርደው፣ የመጀመሪያ ሐሳቡ ከየት እንደሚያድር ነው። አንባቢ እንዲያውቅልን የምንፈልገው፣ ከዚህ በታች የምንጽፈው በኤፕሪል 15 ቀን 2023 በአውሮፓ አቈጣጠር ጦርነቱ ከመነሣቱ በፊት ስለ ነበረው ነገር መሆኑን ነው። ሌሎቹም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንናገር። ሱዳናውያን ርካሹን ማደሪያ «ሎካንዳ» ይሉታል። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን፣ በጣልያን አገር መንገደኛ የሚበላበትና የሚያድርበት አነስተኛ ቤት ማለት ነው። ይኸው ቃል በቱርኮች ዘንድ የምግብ ቤት ስም ሆነ፤ በግብፅና በሱዳን የመኝታ ቤት ስም ሆነ፤ በአማርኛ ግን «ልኳንዳ» ተብሎ ሥጋ የሚሸጥበት ቤት መጠሪያ ሆኖ ቀረ። እኛ የመኝታውን ቤት በሌላ የጣልያን ቃል «አልቤርጎ» እንለዋለን። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የመጣ ነጋዴ በካርቱም ገበያ መካከል «ሎካንዳ» ሲሉ ሰምቶ ጥብስ ለማዘዝ ቢገባና አልጋ ቢያሳዩት አይደነቅ።

የካርቱም ማደሪያ ቤቶች በማዕርግ የተለያዩ ነበሩ። በጥቁር ዓባይ ዳር በእንግሊዞች ዘመን የተሠራው ግራንድ ሆቴል የሹማምንትና የባለጠጎች ማረፊያ ነበረ። በ2008 ደግሞ በሊቢያ ገንዘብ የተሠራው ቅርጹ እንቁላል የሚመስለው ረጅም ሆቴል ተከፈተ፤ የከተማው ሰው «የቃዛፊ እንቁላል» ይለው ነበር። ገንዘብ የሌለው አውሮፓዊ መንገደኛም የራሱ ብልሃት ነበረው። በ1898 በኦምዱርማን ጦርነት የተካፈለችው «መሊክ» የምትባል የጦር ጀልባ፣ ከ1920ዎቹ ጀምሮ የጥቁር ዓባይ የጀልባ ክበብ ቤት ሆና ስለ ነበር፣ በክበቡ ግቢ ድንኳን ተክሎ በትንሽ ዋጋ ያድር ነበር። ከእነዚህ ሁሉ በታች ግን በሱቅ አል ዓረቢ ዙሪያና በአውቶቡስ ጣቢያው አቅራቢያ ያሉት ሎካንዳዎች ይገኛሉ፤ የእኛ ነጋዴዎችም የሚያውቁት በተለይ እነዚህን ነው።

በሎካንዳ የሚከራየው ክፍል ሳይሆን አልጋ ነው። በአንድ ክፍል አራትም አምስትም አልጋ ይዘረጋል፤ ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወራት ደግሞ እንግዳው ሁሉ አልጋውን እየጐተተ ወደ ግቢው ወይም ወደ ሰገነቱ ይወጣል። በበሩ አጠገብ «ዚር» የሚባል ትልቅ የሸክላ ጋን ውሃ እያቀዘቀዘ ይቆማል፤ በሰንሰለት የታሰረ ኩባያም ይንጠለጠልበታል። ማለዳ ሻይ ይጠጣል፤ ዋናው ቍርስ ግን በሱዳን ወግ ረፋዱ ላይ የሚበላው ፉል ነው። ይህን ልማድ የማያውቅ እንግዳ ገና በጧት ምግብ ሲፈልግ ሆዱ እየጮኸ ይቆያል።

ይህን የሚጽፈው ሰው ለአንድ የንግድ ጉዳይ አስተርጓሚ ሆኖ በሄደ ጊዜ በሁለት ሎካንዳዎች አድሯል። በመጀመሪያው ቤት ጸሐፊው ገንዘቤንና ፓስፖርቴን ተቀብሎ ወደ ኪሱ ከተተ፤ ደረሰኝ ብጠይቀው «ነገ» አለኝ። በማግሥቱ በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ተቀምጦ አገኘሁ፤ እርሱም «አልከፈልህም» ብሎ ስለ ያዘኝ ሁለተኛ ከፈልሁ። ፓስፖርቴም እስከ ቀትር ድረስ ተፈልጎ ከአንድ የሻይ ሣጥን ውስጥ ተገኘ። የክፍሉ በር መቀርቀሪያ አልነበረውም፤ ዚሩም ባዶ ነበር። ተቈጥቼ ልናገር ብል ማንን እናገራለሁ? የቤቱን ባለቤት ያየው ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወጥቼ በሱቅ አል ዓረቢ አካባቢ ወደ ነበረ ሌላ ቤት ሄድሁ። ኪራዩ እኩል ነበር፤ ግድግዳውም ከመጀመሪያው ቤት ይልቅ የቈሸሸ ነበር። ነገር ግን በበሩ የተቀመጠው ሽማግሌ ስሜን ከነአባቴ ጽፎ፣ የያዝሁትን ገንዘብ በፊቴ ቈጥሮ በካዝና ቈለፈውና የቍጥሩን ወረቀት ሰጠኝ። በሌሊት ሐቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ተነሣ። ሽማግሌው ፋኖስ ይዞ በግቢው የተኛነውን እየዞረ በየስማችን ቀሰቀሰን፤ ለሕክምና ከከሰላ የመጣውን አንድ በሽተኛ አዛውንትም ከእነአልጋው አሸክሞ አስቀድሞ አስገባው። ሲነጋም ውሃ አስቀድቶ ዚሩን ሞላ፤ ለበሽተኛውም ሻይ ከራሱ ገንዘብ አስመጣለት። የሁለቱ ቤቶች ዋጋ አንድ ሆኖ ሳለ ልዩነታቸው ይህን ያህል የሆነበት ምክንያት፣ በሁለተኛው ቤት ስለ እንግዳው የሚጠየቅ ሰው በመኖሩ ነው።

ይህ ነገር በካርቱም ከሌላ ከተማ ይልቅ የሚያስፈልግበት ምክንያት ነበር። አሜሪካ ከ1997 እስከ 2017 በሱዳን ላይ በጣለችው የንግድ ማዕቀብ የተነሣ የውጭ አገር የባንክ ካርድ በዚያ አይሠራም ነበር። ስለዚህ መጻተኛ ሁሉ ለመንገዱ፣ ለማደሪያውና ለንግዱ የሚያስፈልገውን ገንዘብ በሙሉ በእጁ ይዞ መግባት ነበረበት፤ ገንዘቡ ከጠፋም ከአገሩ የሚያስልክበት መንገድ እጅግ ጠባብ ነበር። ከዚህም በላይ የውጭ አገር ሰው በገባ በሦስት ቀን ውስጥ በፖሊስ መመዝገብ ነበረበት። ከካርቱም ወጥቶ ለመጓዝና ፎቶግራፍ ለማንሣትም ፈቃድ ይጠየቅ ነበር። እንግዲህ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው ካዝናውን የሚጠብቅለትና ከቢሮ ቢሮ የሚያደርሰው የቤት ጌታ ካላገኘ፣ አልጋው ምንም ቢለሰልስ እንቅልፍ አይወስደውም።

የዚህ ዓይነቱ አሳዳሪ እውነተኛ ምሳሌ አክሮፖል ሆቴል ነበረ። ይህን ቤት በ1952 በመካከል ከተማ የከፈተው ፓናጊስ ፓጉላቶስ የሚባል ከከፋሎንያ ደሴት የመጣ ግሪካዊ ነው። እሱ ከሞተ በኋላም ሚስቱ ፍሎራና ሦስት ልጆቻቸው ያዙት። የመዋኛ ገንዳ ወይም የዕብነ በረድ አዳራሽ አልነበረውም፤ ክፍሎቹ ንጹሓን፣ ምግቡ የቤት ምግብ ነበረ። ዋጋው ከሎካንዳ ቢበልጥም ከታላላቆቹ ሆቴሎች ያነሰ ነበር። ዝናውን ያተረፈለት ግን የቤተሰቡ አገልግሎት ነው፤ የእንግዳውን ምዝገባ ያስፈጽሙ፣ ፈቃድ ያወጡ፣ ዕቃውን ከጉምሩክ ያስለቅቁ፣ መልእክቱን ያስተላልፉ ነበር። ወደ ሜሮዌና ወደ ሌሎቹ የጥንት ከተሞች የሚሄዱ የታሪክ ቍፋሮ ሊቃውንትም ዓመት በዓመት ወደዚያው ይመለሱ ነበር።

ቤቱ ያለ ፈተና አልኖረም። በ1969 ጃዕፈር ኒሜሪ ሥልጣን ከያዘ በኋላ የብዙ የውጭ አገር ሰዎች ንብረት በመንግሥት ሲወረስ ብዙ ግሪኮች አገሩን ለቀቁ፤ የፓጉላቶስ ቤተሰብ ግን ቀረ። በ1983 የሸሪዓ ሕግ ሲታወጅና የአልኮል መጠጥ ወደ ዓባይ ሲፈስስ የመጠጥ ገቢያቸው ተቋረጠ፤ ቤቱ ግን አልተዘጋም። በ1984ና በ1985 ረኀብ በኢትዮጵያና በሱዳን በጸና ጊዜ፣ ከኤርትራና ከትግራይ ተሰደው በምሥራቅ ሱዳን የሰፈሩትን ወገኖቻችንን ለመርዳት የሚመጡ የእርዳታ ሠራተኞችና ጋዜጠኞች አክሮፖልን እንደ ጽሕፈት ቤታቸው አደረጉት። እንግዳ የሆነው ሙዚቀኛው ቦብ ጌልዶፍም በዚያ አርፏል። ለስደተኛው የሚላከው እህል ከወደብ እንዲነሣ የሚጻፈው ቴሌክስ ከአንድ አነስተኛ ሆቴል ይላክ እንደ ነበረ ማወቅ ለነጋዴና ለሹም የሚያስተምር ነው፤ ሥራውን የሚሠራው መሥሪያ ቤት ብቻ አይደለምና።

በሜይ 15 ቀን 1988 የአቡ ኒዳል ቡድን ሰዎች በሆቴሉ የምግብ አዳራሽ ቦምብ ጣሉ። 5 እንግሊዛውያንና 2 ሱዳናውያን ሞቱ፤ ከሟቾቹም መካከል ከእናት ከአባታቸው ጋራ የነበሩ ሁለት ሕፃናት ይገኙበታል። ዋናው ሕንፃ ፈረሰ። በዚህ ጊዜ ባለቤቶቹ ቤቱን ዘግተው ወደ አውሮፓ ቢሄዱ የሚወቅሳቸው ሰው አልነበረም፤ እነሱ ግን ከመንገዱ ማዶ በነበራቸው ሌላ ሕንፃ እንግዳ መቀበላቸውን ቀጠሉ።

በመጨረሻም በኤፕሪል 2023 በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሹ ኀይል መካከል ጦርነት ተነሣ፤ ውጊያውም በቤተ መንግሥቱና በአክሮፖል አካባቢ ተካሄደ። ባለቤቱ፣ ጥቂት ሠራተኞችና ያረፉት እንግዶች መብራት ተቋርጦ፣ ውሃና ምግብ እያለቀ፣ ዐሥር ቀን ያህል በአንድ ጣራ ሥር ተዘግተው ቆዩ። ከዚያም ባለቤቱ ከእንግዶቹ ጋራ ከከተማዋ ወጥቶ ወደ አቴና ሄደ፤ 70 ዓመት ያልተዘጋው በርም ያን ጊዜ ተዘጋ። በዚያው ወራት ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም ቤት ንብረታቸውን ጥለው፣ ከፊሎቹ በጋላባትና በመተማ በኩል ከሱዳን ወጡ። ጦሩ ካርቱምን መልሶ የያዘው በማርች 2025 ነው።

አበው «እንግዳ የመጣ ዕለት ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲቈይ ብረት» ይላሉ፤ በእስልምናም ወግ የእንግዳ መስተንግዶ ሦስት ቀን ነው። ሁለቱም አነጋገሮች የሚያስረዱት፣ ያለ ዋጋ የሚደረግ ቸርነት ወሰን እንዳለው ነው። የኪራዩ ገንዘብ ጥቅምም በዚሁ ላይ ይታያል፤ እንግዳው በአራተኛውም ቀን በዐሥረኛውም ቀን ሳያፍር እንዲቀመጥ ያደርገዋል። ነገር ግን ገንዘቡ የሚገዛው የመቀመጥ መብትን እንጂ የእንግዳውን ደኅንነት የሚያስብ ልብን አይደለም፤ ይህ ከአሳዳሪው ዘንድ ሊገኝ ይገባል።

ስለዚህ የከተማ ሹማምንት ለርካሽ ማደሪያ ቤቶች ፈቃድ ሲሰጡ የግድግዳውን ቀለም ብቻ ባይመለከቱ መልካም ነው። የእንግዳ መዝገብ በሥርዓት ይጻፋልን? ዋጋው በበሩ ላይ ተለጥፏልን? ደረሰኝ ይሰጣልን? በሩ መቀርቀሪያ፣ ግቢው ንጹሕ ውሃና ሁለተኛ መውጫ አለውን? ከሁሉም በላይ፣ በሌሊት ችግር ቢነሣ የሚጠየቀው ሰው በዚያ ያድራልን? እነዚህን ለማሟላት ብዙ ወጪ አያስፈልግም፤ ድኻውን መንገደኛ ግን ከብዙ ጥፋት ያድኑታል።

አልቤርጎ ለመክፈት የሚያስብ ነጋዴም ይህን ያስታውስ። ካርቱም ተጠግና ገበያዋ ሲሞላ የእኛ ሰዎች እንደገና ወደዚያ መሄዳቸው አይቀርም፤ አልጋ የሚያከራይም ብዙ ይነሣል። ያን ጊዜ ከአውቶቡስ የወረደው እንግዳ የሚመለስበት ቤት፣ ስሙን ጽፎ አደራውን የሚቀበለውና ማዕበል ሲነሣ በስሙ የሚቀሰቅሰው ቤት ነው።