ሦስት አልማዝ ከበደ በአንድ ዝርዝር፦ ኮምፒውተሩ ሰው የሚያሳስተው እንዴት ነው?

አክስቴን ይዤ አንድ የግል ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ለዚህ ጽሑፍ አልማዝ ከበደ እንበላት። ካርዷን ጥላዋለች። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ «ስም ማን ልበል?» አለች፤ አክስቴ ነገረቻት፤ ልጅቷ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈች። መስኮቱ ጋ ስለቆምኩ ስክሪኑ ይታየኛል። ከምትጽፍበት ሳጥን ሥር አንድ ዝርዝር ወረደ። አልማዝ ከበደ፣ አልማዝ ከበደ፣ አልማዝ ከበደ። ሌላ ምንም የለም። ልጅቷ ትንሽ አመነታችና የመጀመሪያዋን ተጫነች።

ሐኪሙ ጋ ስንገባ ስክሪኑን አየና «የስኳር መድኃኒትዎን በአግባቡ እየወሰዱ ነው?» አላት። አክስቴ ስኳር የለባትም። «ኧረ በስመአብ! ማነው ስኳር አለብሽ ያለኝ?» ብላ ደነገጠች። ሐኪሙ ስለጠየቀ ታወቀ። ባይጠይቅስ?

ካርድ ክፍሏን ልጅ መውቀስ ቀላል ነው። ግን እሷ ምን ታድርግ? ሦስቱን የሚለይ ነገር ካልታያት መገመቷ አይቀርም። እና ሶፍትዌር የሚሠራ ጓደኛዬን ያዝኩት። ከእሱ የሰማሁትንና በኋላ ቁጭ ብዬ ራሴ ሞክሬ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ያ ወደ ታች የሚወርደው ዝርዝር ድሮፕዳውን ይባላል፤ ፕሮግራመሮች ኮምቦ ቦክስ ይሉታል። በዊንዶውስ ላይ የሚጫኑ ፕሮግራሞች ሲሠሩ ከማይክሮሶፍት ዶትኔት ጋር ተዘጋጅቶ የሚመጣው ተራው ኮምቦ ቦክስ አንድ አምድ ብቻ ነው ያለው። ለእያንዳንዱ መስመር አንድ ጽሑፍ ያሳያል፣ አለቀ። አባትና ልጅ ሁለቱም ስማቸው ተጽፎ የቤተሰብ ስም በሚከተልበት አገር ይሄም ያስቸግራል፤ እኛ ጋ ግን ይብሳል። የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ ከዚያ የአያት ስም ነው። ብዙ ቦታ ደግሞ ሁለቱን ብቻ ጽፈን እናልፋለን። አልማዝም ከበደም አገር ምድሩን የሞሉ ስሞች ናቸው።

መፍትሔው ባለ ብዙ አምድ ዝርዝር ነው። አንድ መስመር ላይ ስም ከነአያት፣ የትውልድ ዓመት፣ ወረዳ፣ የካርድ ቁጥር ጎን ለጎን ይታያል። ልጅቷ «የአያትዎ ስም ማን ነው?» ብላ ጠይቃ ትክክለኛዋን ትመርጣለች ማለት ነው።

ይሄን ለመሥራት ቀላሉ ቦታ ማይክሮሶፍት አክሰስ ነው። ብዙ ትንንሽ ድርጅቶች አሁንም ይጠቀሙበታል። እዚያ ኮምቦ ቦክሱ ራሱ «ስንት አምድ?» ብሎ ይጠይቃል፤ 4 ብለህ ትሞላለህ፤ የእያንዳንዱን ስፋት ትሰጣለህ። የመጀመሪያውን አምድ ስፋት 0 ካደረግከው አይታይም፤ ግን አለ። የታካሚዋ መለያ ቁጥር እዚያ ተደብቆ ይቀመጣል፣ የሚመዘገበውም እሱ ነው። የዝርዝሩን ጠቅላላ ስፋት መጨመር ከረሳህ ግን የቀኝ አምዶች ተቆርጠው ይቀራሉ።

ዶትኔት ላይ ግን ራስህ መሳል አለብህ። መሳል ስል የምሬን ነው። ኮምቦ ቦክሱን «መስመሮቹን አንተ አትጻፍ፣ እኔ እስላቸዋለሁ» ትለዋለህ። ይህ ቅንብር ኦውነር ድሮው ይባላል። ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ በወረደ ቁጥር ለእያንዳንዱ መስመር «ይሄን ቦታ ሳልልኝ» እያለ ፕሮግራምህን ይጠራል። አንተ መጀመሪያ የጀርባውን ቀለም ትቀባለህ፣ ስሙን ከግራ ጫፍ ትጽፋለህ፣ የትውልድ ዓመቱን ትንሽ ራቅ አድርገህ፣ ወረዳውን ከዚያ ቀጥሎ፣ በመሃል ቀጭን መስመር ታሰምራለህ። የሚወርደው ዝርዝር ከሳጥኑ ሰፋ እንዲል ለብቻው ስፋት ይሰጠዋል፤ ስለዚህ ሳጥኑ ጠባብ ሆኖ ዝርዝሩ ሰፊ መሆን ይችላል።

እዚህ ጋ ጀማሪ የሚወድቅባቸው ጉድጓዶች አሉ። ዝርዝሩ ባዶ ሲሆን ኮምቦ ቦክሱ «መስመር ቁጥር -1ን ሳል» ሊል ይችላል። የለም እኮ! ይሄን አስቀድሞ ያልፈተሸ ፕሮግራም እዚያው ይዘጋል። ሌላው የፊደል ስፋት ነው። የእኛ ፊደላት ከላቲኑ ሰፋ ይላሉ። በእንግሊዝኛ ስም ተለክቶ የተሠራ አምድ «ወልደገብርኤል» ሲመጣበት የሚቀጥለው አምድ ላይ ይወጣል። ስፋቱን በግምት ከመስጠት፣ ፕሮግራሙ ራሱ ረጅሙን ስም ለክቶ እንዲወስን ማድረግ ይሻላል። ደብሊውፒኤፍ በሚባለው አዲሱ የማይክሮሶፍት መንገድ (አዲስ ስል ከ2006 ጀምሮ ያለ ነው) መሳሉ ይቀራል፤ የአንዱን መስመር ቅርጽ አንዴ ታዘጋጃለህ፣ ለሁሉም እሱ ይሠራል።

እስካሁን ያልኩት ስለ መልክ ነው። ጓደኛዬ ግን «ችግሩ መልኩ ላይ ቢሆን ጥሩ ነበር» አለኝ።

መጀመሪያ፣ ዝርዝሩ ሲዘጋ ምን ይታያል? አክሰስ ላይ ስፋቱ 0 ያልሆነው የመጀመሪያው አምድ ብቻ። ማለትም አራት አምድ አይተህ በጥንቃቄ መርጠህ ስትጨርስ ሳጥኑ ላይ የሚቀረው እንደገና «አልማዝ ከበደ» ነው። እጅህ አንድ መስመር ስቶ ጎረቤቷን ነክቶ ቢሆን በምን ታውቃለህ? አታውቅም። ዶትኔት ላይ ሳጥኑ ከዝርዝሩ እንድትመርጥ ብቻ እንጂ እንድትጽፍበት በማይፈቅደው ዓይነት ከተሠራ፣ የተዘጋውን ሳጥንም የምትስለው አንተው ነህ፤ የምትስለው ሳጥኑን ይሁን ዝርዝሩን የሚለይ ምልክትም ይሰጥሃል። ስለዚህ እዚያ ስምን ከነአያትና ከካርድ ቁጥር ጋር አድርጎ መሳል ይቻላል። አክሰስ ላይ ደግሞ ከሳጥኑ አጠገብ የማይጻፍባቸው ሁለት ሳጥኖች ጨምሮ የአያት ስምና የትውልድ ዓመት እንዲያሳዩ ማድረግ ነው። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ግን ብዙ ቦታ አይሠራም።

ሁለተኛው ይብሳል። ሰውየው አምዶቹን አሳምሮ ይስልና ከሥር ያለው ኮድ ምርጫውን በስም ይፈልገዋል። ልጅቷ ሦስተኛዋን አልማዝ ትመርጣለች፣ ፕሮግራሙ ሳጥኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያነብና ዳታቤዙን «አልማዝ ከበደ የምትባል አምጣ» ይለዋል፤ መጀመሪያ ያገኘውን መዝገብ ይወስዳል። ለሦስቱም ያው አንዷ መዝገብ ትመጣለች። አስቡት፤ ልጅቷ ጠይቃለች፣ አይታለች፣ ትክክል መርጣለች፣ ግን የሌላ ሰው ፋይል ተከፈተ። ለዚህ ነው ከእያንዳንዱ መስመር ጀርባ መለያ ቁጥሩ ተያይዞ መሄድ ያለበት። ዶትኔት ለሚታየውና ለሚመዘገበው ነገር ሁለት የተለያዩ ቦታዎች አሉት፤ አንዱን ብቻ ሞልቶ ማለፍ ነው ስህተቱ።

ሦስተኛው የራሳችን ጉዳይ ነው። ፀሐይ ስንት ዓይነት ይጻፋል? በጸሎቱ ጸ ወይም በፀሐዩ ፀ፣ በሃሌታው ሀ ወይም በሐመሩ ሐ። ለኛ ድምፁ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ቁምፊዎች ናቸው። ጠዋት የነበረችው ልጅ በአንዱ መዝግባ ከሰዓት የገባችው በሌላው ብትፈልግ «የለም» ይላል፣ አዲስ ካርድ ይወጣል፣ አንድ ሰው ሁለት ፋይል ይኖረዋል። አበጁ የሚባለው ዘዴ ሌላ የማይታይ አምድ መጨመር ነው። እዚያ ስሙ ሁሉም ሞክሼ ፊደላት ወደ አንድ ተቀይረው ይቀመጣል፣ ፍለጋው በእሱ ላይ ይደረጋል፣ ስክሪን ላይ ግን ሰውየው እንደጻፈው ይታያል።

ምን ምን አምድ ይግባ የሚለው ላይ የራሴ አስተያየት አለኝ። ዕድሜ አይደለም፣ የትውልድ ዓመት ነው መሆን ያለበት። ዕድሜ በቁጥር ከተመዘገበ በዓመቱ ውሸት ይሆናል። ስልክ ደግሞ በአንድ ቤት ውስጥ በአንድ ቁጥር የሚመዘገቡ አሉ፤ እናትና ልጅን አይለይም። ካስፈለገም የመጨረሻዎቹ 3 ወይም 4 አሃዞች ይበቃሉ። ያስታውሳችሁ እንደሆነ እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ ስክሪኑን ሳነብ ነበር። ሙሉ ስልክና የበሽታ ዓይነት እዚያ ዝርዝር ላይ ቢኖር የሦስቱንም አልማዞች ገመና ይዤ ነበር የምሄደው።

ፕሮግራም የምታሠሩ የክሊኒክ፣ የትምህርት ቤት፣ የቁጠባ ማኅበር ሰዎች ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። በስምና በአባት ስም አንድ የሆኑ ሁለት የሙከራ ሰዎች መዝግቡ። ሁለተኛውን መርጣችሁ አንድ ነገር ጻፉበት፣ አስቀምጡ፣ ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ክፈቱና መጀመሪያው ሰው ላይ ምን እንዳለ እዩ። የጻፋችሁት እዚያ ከተገኘ ሠሪውን መልሳችሁ ጥሩት።

አክስቴ የካርድ ቁጥሯን በወረቀት ጽፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከመታወቂያዋ ጋር ትይዛለች። ባለፈው ስንሄድ ልጅቷ «ስም ማን ልበል?» ስትላት ስሟን ትታ ወረቀቱን ነው የሰጠቻት።