የካፌው ምሳ የማይስማማው ተማሪ

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን የተማሪዎች ካፌ ምርጫ የለም። ተማሪው የምግብ ካርዱን አሳይቶ ይገባል፣ ትሪ ያነሳል፣ እንጀራ ይደረግለታል፣ ከትልቁ ድስት በጭልፋ ወጥ ይጨመርለታል፣ የደረሰውን ይዞ ይቀመጣል። በሺዎች የሚቆጠር ሰው በአጭር ሰዓት ለማብላት ከዚህ የቀለለ መንገድ ማግኘት ይከብዳል። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ግን ምግቡ የማይስማማው ልጅ አለ። ቤቱ እያለ እናቱ ሳይነግራት ታውቅለት የነበረውን ነገር ካምፓስ ሲገባ የሚያውቅለት የለም።

ሆዱን የሚያመው ሁሉ በአንድ ምክንያት አይታመምም፤ ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን አንድ ዓይነት ምግብ የለም። ቀላሉ የወተት ጉዳይ ነው። ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ፤ ይህን ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም በአብዛኛው የዓለም ሕዝብ አንጀት ውስጥ ከልጅነት በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። ለብዙ ትውልድ በወተት በኖሩ አርብቶ አደሮች ዘንድ ግን ኢንዛይሙን ዕድሜ ልክ የሚያቆይ የዘር ለውጥ በብዛት ይገኛል። ስለዚህ በአንድ ዶርም የሚያድሩ ሁለት ልጆች እኩል ወተት ጠጥተው አንዱ ደህና ሲያድር ሌላው ሆዱ ተነፍቶ ሊያነጋ ይችላል። ያልተፈጨው ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፤ እዚያ ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ጋዝ ይፈጠራል፣ ውሃም ይስባል። ያም ሆኖ መጠኑ ወሳኝ ነው፤ ብዙዎቹ ወተት የማይስማማቸው ሰዎች 12 ግራም ያህል ላክቶስ፣ ማለትም አንድ ኩባያ ወተት፣ ከምግብ ጋር ቢወስዱ እምብዛም አይቸገሩም። እርጎ ከወተት ይሻላቸዋል፤ የነጠረ ቅቤ ውስጥማ ላክቶስ የለም ማለት ይቻላል። ለዚህ ተማሪ የካፌው ምሳ አያሰጋውም፤ የጾም ቀን ሲሆን ደግሞ ጭራሽ መጠየቅም አያስፈልገውም።

የስንዴው ነገር ግን ከበድ ይላል። ሴሊያክ የሚባለው ሕመም የሰውነት መከላከያ በስንዴና በገብስ ውስጥ ባለው ግሉተን ተቆጥቶ የራሱን ትንሹን አንጀት የሚጎዳበት ነው። ለዚህ ሕመም ተጠያቂው ስንዴ መሆኑን ያሳየው የሆላንዱ የሕፃናት ሐኪም ዊለም ዲኬ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ አገሩ ተርቦ ዳቦ ሲጠፋ ታማሚዎቹ ሕፃናት ተሻላቸው፤ ዳቦው ሲመለስ ሕመማቸውም ተመለሰ፤ ይህም ቀድሞ የነበረውን ጥርጣሬ አጠነከረለት። በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዚያው አገር ተመራማሪዎች ጤፍን መርምረው ግሉተን እንደሌለበት አረጋገጡ።

እንግዲህ የኢትዮጵያ ካምፓስ ለሴሊያክ ታማሚ ከየትኛውም አገር ካምፓስ የተሻለ መሆን ነበረበት። ያልሆነበት ምክንያት ያለው ሊጡ ውስጥ ነው። ጤፍ ሲወደድ ሊጡ ይደባለቃል። የሚደባለቀው ሩዝ፣ በቆሎ ወይም ማሽላ ከሆነ ለዚህ ልጅ ጉዳት የለውም፤ ገብስ ወይም የስንዴ ዱቄት ከሆነ ግን አበቃ። በዓይን ደግሞ አይለይም፤ ነጣ ያለው እንጀራ ማኛ ጤፍ ይሁን ስንዴ የገባበት፣ ትሪው ላይ ተዘርግቶ ማን ያውቃል? ጉዳዩ በዚህ ብቻም አያበቃም። እርሾው የሚወሰደው ካለፈው ሊጥ ነው፤ የትናንቱ ሊጥ ስንዴ ከነበረበት የዛሬው ንጹሕ ጤፍም ስንዴ ይነካዋል። ማካሮኒ ያወጣ ጭልፋ ሳይታጠብ ምስሩ ውስጥ ሲገባም እንዲሁ። ይህን ማጋነን የሚመስለው ሰው ቁጥሩን ይመልከት፦ ለሴሊያክ ታማሚ በቀን 50 ሚሊግራም ግሉተን አንጀቱን ለመጉዳት ይበቃል፤ አንድ ቁራጭ ዳቦ ውስጥ ደግሞ 2 ግራም ገደማ አለ። የዚያች ቁራጭ አንድ አርባኛ ማለት ጠረጴዛ ላይ የሚራገፍ ፍርፋሪ ነው።

ሦስተኛው ተማሪ ብዙም አይወራለትም፤ በእኛ ወጥ ግን ከሁሉም በላይ የሚፈተነው እሱ ይመስለኛል። አንጀቱ ስስ ነው፤ ሐኪሞች አይ ቢ ኤስ ይሉታል። የሚያስቸግሩት በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ውስጥ ያለው ፍሩክታን፣ በሽምብራ፣ በአተርና በምስር ውስጥ ያሉት የማይፈጩ ስኳሮችም ናቸው። የሜልቦርኑ ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እነዚህን ለይተው ፎድማፕ በሚል ስም አንድ ላይ መድበዋቸዋል። ፍሩክታን ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ዘይት ውስጥ ግን አይሟሟም። የእኛ ሽንኩርት ቁሌቱ ላይ ከቀላ በኋላ ውሃ እየተጨመረበት ከወጡ ጋር እስኪዋሃድ ይበስላል፤ ለቅሞ ማውጣት አይቻልም፣ ቢቻልም መረቁ ይዞታል። ምስር ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት ጥቂት ይረዳል፤ ሽሮ ግን ዱቄት ስለሆነ የሚደፋ ውሃ የለውም። ወተት ለማይስማማው ልጅ እፎይታ የሆነው የጾም ቀን ለዚህኛው የሳምንቱ ክፉ ቀን የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሩዝ፣ ቅቅል ድንች፣ በፍስክ ቀን ደግሞ እንቁላል፣ ሁሉንም ወጥ ሳይነካው ቢያገኝ ይጠግባል፤ የሚያገኘው ግን ካፌ ውስጥ አይደለም።

ወጥ ቤቱ አይችልም የሚለው መልስ አያሳምነኝም። እነዚሁ ወጥ ቤቶች የጾሙን ከፍስኩ፣ የሙስሊሙን ሥጋ ከክርስቲያኑ ለይተው ሲሠሩ ኖረዋል። ድስት መለየት፣ ጭልፋ አለማጋባት፣ ሲጠየቁ "ይሄ የጾም ነው" ብሎ በእርግጠኝነት መመለስ ያውቁበታል። የጎደለው ስለ ሊጡም እንደዚያው የሚጠይቅና የሚመልስ ሰው ነው።

ከተማሪው በኩልም አንድ ትልቅ እንቅፋት አለ። ካምፓስ ውስጥ የሆድ ሕመም ወይ "ጨጓራ" ነው ወይ "አሜባ"፤ ከፋርማሲ ኪኒን ተገዝቶ ይዋጣል፣ ሳምንት ቆይቶ ያው ሕመም ይመለሳል። አሜባና ጃርዲያ በእርግጥ አሉ፤ እንዲያውም ጃርዲያ አንጀቱን ስለሚጎዳ ወተት ለጊዜው እንዳይስማማ ያደርጋል። ስለዚህ የሰገራ ምርመራው መቅደሙ ልክ ነው። ስህተቱ ምርመራው ምንም ሳያሳይ ሲቀር ያንኑ ኪኒን መድገም ነው። ሌላው ስህተት ደግሞ በራስ ግምት ስንዴ መተው ነው፤ የሴሊያክ የደም ምርመራ እውነቱን የሚናገረው ሰውየው ስንዴ እየበላ ሳለ ነው። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለ6 ሳምንት በየቀኑ ግሉተን ያለበት ምግብ መብላት ይገባል ይላል። ቀድሞ የተወ ሰው ሕመሙ እያለ ውጤቱ "የለብህም" ሊለው ይችላል፤ ያለ ውጤት ደግሞ የትኛውም ቢሮ አይሰማውም።

ውጤቱ ሲገኝ ወረቀቱ ዋጋ አለው። አሜሪካ ውስጥ በ2012 እ.ኤ.አ. የፍትሕ ሚኒስቴር ከሌስሊ ዩኒቨርሲቲ ጋር ባደረገው ስምምነት፣ የምግብ ክፍያ የግድ የሚከፍሉ ሴሊያክና የምግብ አለርጂ ያለባቸው ተማሪዎች የሚበሉት እንዲቀርብላቸው ተወስኗል። ጉዳዩ እንደ አካል ጉዳተኝነት መብት ነው የታየው። ወደዚያ ለሚሄዱ ልጆቻችንም ይህ መብት ይጠቅማቸዋል፤ የሐበሻ ሱቅ እንጀራ ሲገዙ ግን ጀርባው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፤ በውጭ አገር የሚሸጠው ብዙው እንጀራ ገብስ ወይም ስንዴ አለበት።

እኛ ጋ ያለው መውጫ ነን-ካፌ መሆን፣ ማለትም የምግቡን ገንዘብ ተቀብሎ ውጭ መብላት ነው። ገንዘቡ ከግቢ ውጭ ባለው ዋጋ ወር አያደርስም፤ ቢያደርስም ተማሪው የምግብ ቤቱን ሊጥ ከካፌው በተሻለ አያውቀውም። ለሴሊያኩ ልጅ የሚበጀው ከዚያው ካፌ ነው፦ የራሱ እርሾ ያለው አንድ ባልዲ ንጹሕ የጤፍ ሊጥ፣ ጠዋት ምጣዱ ተወልውሎ ሌላው ሳይጋገር በፊት የሚጋገር፣ ተሸፍኖ በስሙ የሚቀመጥ እንጀራ። ወጡም ማካሮኒው ሳይቀርብ በፊት በንጹሕ ጭልፋ ይጨለፍለት።