የወሎ ልጆች በጅዳ፦ ሙቀት፣ የሰው ብዛትና ኢቃማ

ጅዳ በቀይ ባሕር ዳርቻ የምትገኝ የሳዑዲ ዓረቢያ የወደብ ከተማና የመካ ሐጃጆች መግቢያ በር ናት። እ.ኤ.አ. በ2022 በተደረገው ቆጠራ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ነዋሪ ተመዝግቦባታል። በዚሁ ቆጠራ ከአገሪቱ 32 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ 41 ከመቶ የሚበልጠው የውጭ አገር ዜጋ ነው። ከመካከላቸው ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐርቡ፣ ከአጎራባቹ ባቲና ከደቡብ ወሎ የገጠር ወረዳዎች የሄዱ ብዙ ናቸው። በካርታ ላይ ጅዳ ከደሴ ቀጥታ ወደ ሰሜን 1,150 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። ሰዓታቸውም አንድ ነው፤ ደሴ ላይ እኩለ ቀን ሲሆን ጅዳም ላይ እኩለ ቀን ነው። ኑሮው ግን እጅግ ይለያያል።

ከወሎ ወደ ሳዑዲ የሚኬደው በተለያየ መንገድ ነው። አንደኛው ሕጋዊው፣ ሰዉ «ኮንትራት» የሚለው ነው። በአብዛኛው በቤት ሠራተኛነት የሚቀጠሩ ሴቶች ይሄዱበታል። ሁለተኛው በዑምራ ቪዛ ገብቶ ቀኑ ሲያልፍ እዚያው መቅረት ነው። ሦስተኛው ደላላ የሚመራው የባሕር መንገድ ነው፦ በባቲና በሚሌ ወደ አፋር፣ ከዚያ በጅቡቲ ወደ ኦቦክ፣ ከኦቦክ በጀልባ ባብ ኤል መንደብን ተሻግሮ ወደ የመን፣ ከየመንም ወደ ሳዑዲ ድንበር። በዚህኛው ወንዶች ይበዛሉ፤ በባሕርም በየብስም የብዙ ሰው ሕይወት ጠፍቶበታል። አንድ ሰው በየትኛው መንገድ እንደገባ ከዚያ በኋላ የሚኖረውን ኑሮ በብዙ ይወስነዋል።

አዲስ ገቢን መጀመሪያ የሚቀበለው ሙቀቱ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ስላለች ጭጋግና ብርድ አያጣትም። በሐረጎ ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደረስ ጋቢ ይወልቃል፤ እሱም ቢሆን ደጋ ለለመደ ሰው ነው እንጂ ኮምቦልቻ ወይና ደጋ ናት። ጅዳ ግን ከባሕሩ ጋር እኩል ናት ማለት ይቻላል። ወሎ ላይ ክረምቱ በሚገባበት በሰኔ፣ ጅዳ ላይ ሙቀቱ የሚበረታባቸው ወራት ይጀምራሉ። ቀን ቀን 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይደርሳል፤ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2010 ላይ 52 ዲግሪ ተመዝግቦ ያውቃል። ሌሊቱም እምብዛም አይበርድም።

የጅዳ ሙቀት እንደ ሚሌ በረሃ ደረቅ አይደለም። ባሕሩ አየሩን በእርጥበት ስለሚሞላው ላብ ከገላ ላይ ቶሎ አይደርቅም፤ ሰውነት የሚቀዘቅዘው ደግሞ ላቡ ሲደርቅ ነው። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ ከሚያሳየው በላይ ይሞቃል። አዲስ ገቢ አንገቱና ብብቱ ላይ ሽፍታ ይወጣበታል፣ ራሱን ያመዋል፣ ምግብ ይዘጋዋል። ውሃ እየጠጣ ቀስ በቀስ ሥራ ከጀመረ ሰውነቱ በአንድና ሁለት ሳምንት ውስጥ ይለምዳል። በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ሥራ የገባ ግን ለከባድ የሙቀት ሕመም ይጋለጣል። ከኤሲው ቅዝቃዜ ወደ ደጁ ሙቀት መመላለስም በራሱ ሌላ ድካም ነው።

ከተማዋ ይህን ሙቀት የምትችለው ሰዓቷን በማዞር ነው። እኩለ ቀን ላይ መንገዱ ጭር ይላል። ከዐስር ሶላት በኋላ ሱቆች ይደምቃሉ፣ ቤተሰብ ወደ ባሕሩ ዳር የሚወጣው ምሽት ላይ ነው፤ እኩለ ሌሊት ላይ ሕፃናት ሜዳ ላይ ሲጫወቱ ማየት የተለመደ ነው። በረመዳን ጭራሽ ሌሊቱ ቀን ይሆናል። የመንግሥት ደንብም በግል ድርጅቶች በፀሐይ ላይ የሚሠራ ሠራተኛ ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5 ባለው ጊዜ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት እንዳይሠራ ይከለክላል። ደንቡ ግንበኛውን ይጠብቃል፤ ምድጃ ፊት የምትቆመውን የቤት ሠራተኛ ግን አይመለከትም።

የቤት ሠራተኛዋ ቀን የሚጀምረው ልጆችን ለትምህርት ቤት ከማሰናዳት ነው። ከዚያ ባለ ፎቁን ቤት ከላይ እስከ ታች መጥረግና መወልወል፣ ልብስ ማጠብና መተኮስ፣ ምሳ መሥራት ይከተላል። የቤቱ ሰዎች ቀን ተኝተው ማታ ስለሚነሡ እንግዳ የሚመጣው፣ ሻይና ቡናው የሚቀርበው፣ ዕቃው የሚታጠበው በውድቅት ነው። በረመዳን ከቀትር ጀምሮ ሹርባ ይጣዳል፣ ሳምቡሳ ይጠቀለላል፣ ዘይት ይግላል፤ ፆመኛዋ ሠራተኛ ሌላው የሚያፈጥርበትን ስታሰናዳ ውላ እሷ በመጨረሻ ትቀመጣለች። ከኢፍጣር በኋላም እስከ ሱሑር ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ደንብ በቀን ቢያንስ 9 ሰዓት ዕረፍት፣ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን፣ ከሁለት ዓመት አገልግሎት በኋላም የአንድ ወር ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ ይፈቅድላት ነበር። ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ግን እንዲህ ያለውን ደንብ የሚያስከብረው በአብዛኛው የአሠሪው ሕሊና ነው። መልካም አሠሪ ገጥሟት እንደ ልጅ የተያዘች አለች፤ ደመወዟን የተከለከለች፣ ስልኳን የተቀማችም አለች።

ከሰው ቤት ውጭ የሚኖሩት ኑሮ ሌላ ነው። ወንዶቹ መኪና ያጥባሉ፣ ሕንፃ ይጠብቃሉ፣ ዕቃ ይሸከማሉ፣ በግንባታ ይሠራሉ። ሴቶቹ ከአንድ አሠሪ ጋር ሳይታሰሩ በየቤቱ እየተመላለሱ ያጸዳሉ። የሚከራዩት ኪራይ በሚረክስባቸው የቆዩ ሰፈሮች፣ ለምሳሌ ከንደራ አካባቢ ነው፤ ከጎረቤት ሱዳናዊው፣ የመናዊው፣ ፓኪስታናዊው፣ ናይጄሪያዊው አለ። አንዱን ክፍል ብዙ ሰው ይጋራዋል። ፍራሾቹ ቀን ግድግዳ ላይ ይደገፋሉ፣ ሻንጣዎች እስከ ጣሪያ ይደረደራሉ፣ መስኮቱ ላይ የተገጠመው ኤሲ ቀንም ሌትም ያጓራል። ሌሊት የሠራው ቀን ስለሚተኛ ድምፅ ዝቅ ማድረግ የቤቱ ሕግ ነው። የመብራትና የኪራይ መዋጮ ይሰበሰባል፣ ዕቁብ ይጣላል፣ የታመመ በተራ ይጠየቃል፣ ሬሳ ወደ አገር መላክ ሲኖር ገንዘብ ይዋጣል።

ይህ ሁሉ የሚቆመው በአንዲት ካርድ ላይ ነው፤ ኢቃማ ትባላለች። ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃድ ስትሆን ከአሠሪው፣ በዓረብኛ «ከፊል» ከሚባለው፣ ስም ጋር የተያያዘች ናት። ሠራተኛዋ ከቤቱ ከወጣች ከፊሉ «ሁሩብ» ማለትም ጠፍታለች ብሎ ያስመዘግባታል። ከዚያ በኋላ ቤት በስሟ አትከራይም፤ በባንክ ገንዘብ መላክ አትችልም። ስልክ ለማውጣት አሻራ ስለሚጠየቅ ሲም ካርዷም በሌላ ሰው ስም ይሆናል። ስትታመም ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈራታል። ሹርጣ፣ ማለትም ፖሊስ፣ መንገድ ላይ ከያዛት በጅዳና በመካ መካከል ወዳለው ሹሜሲ ማቆያ፣ ከዚያም ወደ አገሯ ትላካለች። እ.ኤ.አ. በ2021 ሠራተኞች በቀላሉ አሠሪ እንዲቀይሩ የሚያስችል ማሻሻያ ሥራ ላይ ውሏል፤ የቤት ሠራተኞችን፣ የግል ሾፌሮችንና እረኞችን ግን አላካተተም።

ወረቀት የሌለው ሰው ኑሮ ምን ያህል በአንድ ቀን እንደሚናድ በ2006 ዓ.ም. ታይቷል። ሳዑዲ የሰጠችው የምሕረት ጊዜ በጥቅምት መጨረሻ ሲያበቃ አፈሳ ተጀመረ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። የኢትዮጵያ መንግሥት በዚያው ጥቅምት ለሥራ ወደ ውጭ መሄድን አገደ። ቀጥሎ አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጣ፣ ከሳዑዲ ጋር የሥራ ስምሪት ስምምነት ተፈረመ፣ እገዳውም በ2010 ዓ.ም. ተነሣ። በእገዳው ዘመን የደላላው መንገድ አልተዘጋም። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ደግሞ ሁለቱ መንግሥታት 100 ሺህ ያህል ሰው ለመመለስ ተስማምተዋል።

በምግብ በኩል ጅዳ ለወሎ ሰው ብዙም አትከብድም። እንጀራ ጤፍ ሲገኝ በጤፍ፣ ሳይገኝ በስንዴ፣ በሩዝና በማሽላ ዱቄት ይጋገራል። በርበሬና ሽሮ ከአገር በሻንጣ ይመጣል። በሰው ቤት ያለችው ግን ከብሳውን፣ ሩዝና ሥጋውን ትበላለች። ቡናም አለ፤ የሳዑዲዎቹ በስሱ ተቆልቶ ሄል የተጨመረበት ነው፣ የወሎዎቹ ግን ጠቁሮ ይቆላና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ይባላል። ዓርብ የዕረፍት ቀን ያገኙ ሰብሰብ ብለው በዱዓና በምርቃት ይጠጡታል። ዕጣኑ ለጎረቤት እንግዳ አይሆንም፤ ሳዑዲዎችም ቤታቸውን በዕጣን ያጥናሉ። ጫት ግን በሳዑዲ በሕግ የተከለከለ ነው፤ የተገኘበት ሰው በከባድ ይቀጣል።

ቁርአን የቀራ የወሎ ሙስሊም የዓረብኛውን ፊደል ይዞ ይሄዳል፤ የጅዳው ንግግር ግን ከመጽሐፉ ስለሚለይ እንደ ማንኛውም ሰው ጆሮውን ከፍቶ ይማራል። ለሙስሊሙ መካ ቅርብ መሆኗ የስደቱ ትልቅ ማካካሻ ነው። ክርስቲያኑ ቤተ ክርስቲያን አያገኝም፤ በአደባባይ ማምለክ ስለማይፈቀድ ጥምቀትና ፋሲካ በቤት፣ በዝግታ ያልፋሉ። ለጉዞ ብለው ስማቸውን በሙስሊም ስም የቀየሩም አሉ።

ከአገር ጋር የሚያገናኘው ስልክ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ እናቶች ልጆቻቸውን የሚያዩት በብዛት በኢሞ የቪዲዮ ጥሪ ነው፤ ሠርጉም ሐዘኑም፣ የሚሠራው ቤት ቆርቆሮም በስልክ መስኮት ይታያል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ሁለቱ ከተሞች በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበሩበት ጊዜ፣ ስልክ ተቋርጦ ጅዳ ያሉት ስለ ቤተሰባቸው ደኅንነት ማወቅ ተስኗቸው ነበር። ገንዘብ ኢቃማ ያለው በባንክ፣ የሌለው በሀዋላ ሰው እጅ ይልካል። የተላከው ለእህት ወንድም ትምህርት፣ ለደላላ ዕዳ፣ ለወላጅ ሕክምና፣ ከተረፈም ለቤት መሥሪያ ይውላል።

የተመለሰ ሰው ደግሞ በተቃራኒው ይለማመዳል። ብርዱ ይይዘዋል፣ ሌሊት መተኛት ይከብደዋል፣ ዘመድ ጥሪቱን ይጠይቀዋል። ሥራ ሲፈልግ ኮምቦልቻ ላይ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፤ የልብስ ስፌት ሠራተኛ ደመወዝ ግን በሪያል ከለመደው ጋር አይቀራረብም። ስለዚህ ብዙዎች እንደገና ይሄዳሉ። ሙቀቱን ያውቁታል፣ ጠባቧንም ክፍል ያውቋታል። በሁለተኛው ጉዞ የሚጠነቀቁት ለወረቀቱ ነው፦ ውሉን አንብቦ መፈረም፣ የፓስፖርትና የኢቃማ ቅጂ ቤተሰብ ዘንድ ማስቀመጥ፣ የአሠሪውን ስምና አድራሻ ማስመዝገብ፣ ጅዳ ያለውን የኢትዮጵያ ቆንስላ ስልክ በቃል መያዝ።