ጣና ቂርቆስ፦ የግሪክ ስም ያለው ደሴት

በአገው ምድር ካለችው ከቆሰበር ተነሥተው ዳንግላን፣ ዱርቤቴንና ወተት ዓባይን እያለፉ ባሕር ዳር ለመድረስ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ይነዳል። ወተት ዓባይ ላይ የሚሻገሩት ግልገል ዓባይ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ መንጭቶ ወደ ጣና የሚወርድ ወንዝ ነው። ውኃው የሚያርፍበት ሐይቅ ደግሞ ደሴቶች አሉት። ከነዚህ አንዱ በምሥራቁ ዳር፣ የጉማራ ወንዝ ከሚገባበት አጠገብ የሚገኘው ድንጋያማው ጣና ቂርቆስ ነው።

ቂርቆስ የግሪኩ «ኪርያኮስ» በግእዝ አንደበት የተገራ መልክ ሲሆን «የጌታ የሆነ» ማለት ነው። በስቅለት ዕለት ሰው ሁሉ እየሰገደ «ኪርያላይሶን» ሲል የሚጠራው «ኪርዮስ» የዚሁ ስም ሥር ነው። ባለ ስሙ ገና ሕፃን ሳለ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር በዲዮቅልጥያኖስ ዘመን የተሠዋ ሰማዕት ነው። ቤተ ክርስቲያን ጥር 15 ታስበዋለች፤ ሐምሌ 19 ደግሞ ገብርኤል እናትና ልጁን ከፈላው ውኃ ያዳነበት በዓል ነው። አዲስ አበባ ላይ «ቂርቆስ! ቂርቆስ!» እያለ ተሳፋሪ የሚጠራው የታክሲ ረዳትም ሳያውቀው ግሪክኛ ይናገራል።

እንዲህ ያለ ስም ሐይቁ መሐል እንዴት ደረሰ? ደሴቱ ላይ የግሪክ ሰፈር ተቆርቁሮ አይደለም። ስሙ የመጣው በመጽሐፍና በጥምቀት ነው። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር የመርከበኞች መመሪያ፣ የአዱሊስን አካባቢ የሚገዛው ዞስካሌስ የግሪክን ጽሕፈት እንደሚያውቅ ይናገራል። የአክሱም ነገሥታት በሳንቲሞቻቸው ላይ ግሪክኛ አስቀርጸዋል፤ ኢዛናም ድሉን በግእዝ፣ በሳባና በግሪክኛ አስጽፏል። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጳጳስ ሆኖ የተሾመው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የመጣው ከጢሮስ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ግእዝ የተመለሰውም በዋናነት ከግሪክኛ ነው። «ጳጳስ»፣ «ዲያቆን»፣ «መነኩሴ» የሚሉት ቃላት፣ የግእዝ አኃዞች ቅርጽም ሳይቀር፣ ያንን ዘመን ያስታውሳሉ። ስለዚህ የደሴቱ ስም ለብቻው የመጣ እንግዳ አይደለም፤ አብረውት የገቡት ብዙ ናቸው።

ግሪኮቹ በበኩላቸው ሐይቁን በወሬ ያውቁት ነበር። በክርስቶስ ልደት አካባቢ የኖረው ስትራቦን ከመርዌ በላይ «ፕሴቦ» የተባለ ትልቅ ሐይቅ እንዳለና በውስጡም ብዙ ሰው የሚኖርበት ደሴት እንደሚገኝ ጽፏል። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ይህ ጣና ነው ይላሉ። ጸሐፊው የትኛውን ደሴት ማለቱ እንደነበር ግን አልተናገረም፤ እኔ ብጠየቅ ከሁሉ ሰፊ ወደሆነው ወደ ደቅ አደላለሁ።

ለቆሰበር አንባቢ ይበልጥ የሚጥመው የኮስማስ ነገር ይመስለኛል። ይህ የእስክንድርያ ነጋዴ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ንጉሥ ካሌብ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ ሂምያር ሊዘምት ሲዘጋጅ አዱሊስ ነበረ፤ እዚያ የቆሙትን የግሪክኛ ጽሑፎችም ገለበጠ። የአክሱም ንጉሥ ያስገበራቸውን ሕዝቦች ከሚዘረዝረው ጽሑፍ ውስጥ ብዙዎች የአገው ስም ነው የሚሉት «አታጋውስ» አለ። ኮስማስ ራሱም የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዢ በኩል ነጋዴዎችን ሳሱ ወደተባለ አገር እየላከ ወርቅ እንደሚያስመጣ ጽፏል። በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ሄደው በወርቅ ይለውጡ ነበር። የአገው ስም ከቆዩት መዛግብት በአንዱ ተጽፎ የተገኘው በግሪክ ፊደል መሆኑ ነው።

ጣና ቂርቆስን ዝነኛ ያደረገው ግን ትውፊቱ ነው። ታቦተ ጽዮን አክሱም ከመግባቷ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት እዚህ እንዳረፈች፣ እመቤታችንም ከግብፅ ስደት ስትመለስ እንደቆየችበት፣ ቅዱስ ያሬድም እንደኖረበት መነኮሳቱ ይተርካሉ። አናታቸው የተፈለፈለ የድንጋይ ምሶሶዎችንም የኦሪት መሥዋዕት ይቀርብባቸው ነበር ብለው ያሳያሉ። ጎብኚ የሚጎርፈው ይህን ብሎ ነው። ስሙን ግን ማንም አይጠይቅም፤ እኔን ግን የሚገርመኝ እሱ ነው።

ደቅ አጠገብ ያለው ዳጋ እስጢፋኖስም የዚሁ ወገን ነው። «እስጢፋኖስ» በግሪክኛ «አክሊል» ማለት ነው። በዚህ ገዳም የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዳዊት፣ የዐፄ ዘርአ ያዕቆብ፣ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲለደስ አስከሬን ይጠበቃል። ሴት ወደ ደሴቱ አትወጣም። አክሊል የተባለ ደሴት የነገሥታት ማረፊያ መሆኑ መቼም የታሰበበት አይመስለኝም፤ ገዳሙ የተመሠረተው በሰማዕቱ ስም ነው።

በአካል የመጣ ግሪክም አልጠፋም፤ እሱ ግን የደረሰው ደሴቱ ላይ ሳይሆን አገው ምድር ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጎንደርና በአድዋ የሚያገለግሉ ግሪኮች ነበሩ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1770 የአገው ምድር በነበረው ግሽ ሲደርስ፣ አብሮት የነበረው ስትራቴስ የሚባል ግሪክ ነው። ብሩስ ከምንጩ ውኃ በኮኮናት ቅል ቀድቶ ለእንግሊዝ ንጉሥ ለሦስተኛው ጆርጅ ጤንነት ጠጣ፤ ስትራቴስንም አብሮ እንዲጠጣ ጋበዘው። ከዚያ ምንጭ የቀረው ውኃ ግልገል ዓባይን ይዞ ጣና ይገባል።