«ቅድሚያ» እና «ይሉኝታ»

በዩኒክስና በሊኑክስ የዳታቤዝ ሰርቨር ማስነሻ ስክሪፕቶች ውስጥ የሚገኘው «ናይስ» የተባለው ትእዛዝ፣ አንድ ሂደት ከፕሮሰሰሩ ጊዜ የሚደርሰውን ድርሻ ይነካል። መጠኑ ከ-20 እስከ 19 ይደርሳል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ሂደቱ ተራውን ለሌሎች ይለቃል። ስለሆነም «የቅድሚያ መጠን» ብሎ መተርጐም አሳሳች ነው፤ በዚህ ተመርቶ 10 የጻፈ ባለሙያ ሰርቨሩን ያፈጠነ መስሎት ሥራ በተጨናነቀ ጊዜ ያዘገየዋል። እኛ «የይሉኝታ መጠን» የሚለውን እንመርጣለን። ይሉኝታ የበዛበት ሰው ወደ ኋላ ይቀራልና አቅጣጫው ከቃሉ ይገኛል። ቃሉ ለማሽን አይስማማም የሚል አይጠፋ ይሆናል፤ ነገር ግን የእንግሊዝኛውም ቢሆን የሰው ጠባይ መግለጫ ነው። «ቅድሚያ» ለአጠቃላዩ ፅንሰ ሐሳብ ይቆይ።

«መውረስ» የሚለውም ግሥ አይለወጥ፤ በፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ግንኙነት የሚከፈተው ሂደት ይሉኝታውን ከወላጁ ይወርሳል።

ይሉኝታን መቀነስ ግን እንደ ደንቡ የዋና አስተዳዳሪ ሥልጣን ይጠይቃል። ስክሪፕቱ ወደ ተራ ተጠቃሚ ከተዛወረ በኋላ -5 ቢያዝ፣ በሊኑክስ የተለመደው «ናይስ» ፈቃድ መነፈጉን ገልጾ ሰርቨሩን በነበረው መጠን ያስነሣዋል። ስለዚህ መልእክቱ «ማስነሣት አልተቻለም» ሳይሆን «የይሉኝታውን መጠን መለወጥ አልተቻለም» ተብሎ ይተርጐም።