በባሕር ዕቃ ለማምጣት የሚያዋጣው መንገድ የትኛው ነው?



ከመካከላችን ብዙዎቻችን የነጋዴ ልጆች ነን። ስንመረቅ ወደ ቤተሰብ ሱቅ የምንመለስም፣ የራሳችንን የአስመጪነት ሥራ ለመጀመር የምናስብም አለን። አንድ አባት ለዓመታት ያጠራቀሙትን ጥሪት አውጥተው፣ ለውጭ ምንዛሬ ወራት ተራ ጠብቀው ያዘዙት ዕቃ ትርፉ በሙሉ በማጓጓዣ ሲበላ ማየት ያሳዝናል። ብዙ ጊዜ ኪሳራው የሚጀምረው ዕቃው ሲሸጥ ሳይሆን ገና ሲጫን ነው። ስለዚህ ብዛት ያለው የንግድ ዕቃ በባሕር ሲመጣ የትኛው መንገድ እንደሚያዋጣ በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

"ርካሽ" ማለት ምን ማለት ነው?

የመርከብ ኪራይ፣ ነጋዴዎች "ፍሬት" የሚሉት፣ ከወደብ እስከ ወደብ ያለውን ጉዞ ብቻ ነው የሚሸፍነው። አገራችን ወደብ ስለሌላት ዕቃው ጅቡቲ ሲደርስ መንገዱ አላለቀም። የወደብ አገልግሎት፣ እስከ ሞጆ ወይም ሌላ ደረቅ ወደብ ድረስ የመኪና ወይም የባቡር ኪራይ፣ የትራንዚተር ክፍያ፣ የመጋዘን ኪራይና ቀረጥ ይከተላሉ። ቀረጡ ደግሞ የሚሰላው በመግዣው ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን ማጓጓዣና ኢንሹራንስ ተጨምሮበት ነው። ስለዚህ ለመርከብ ያለ አግባብ የወጣች እያንዳንዷ ዶላር ተጨማሪ ቀረጥ ይዛ ትመጣለች። እንግዲህ ጥያቄው "ለመርከቡ ስንት ተከፈለ?" ሳይሆን "አንዱ ዕቃ መጋዘኔ በር ላይ ሲደርስ ስንት ወጣበት?" መሆን አለበት።

ሙሉ ኮንቴይነር፦ ክብደት ወይስ ስፋት?

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1956 አሜሪካዊው ማልኮም ማክሊን 58 ኮንቴይነሮችን በአንድ መርከብ ጭኖ ከኒውርክ ወደ ሂውስተን ላከ። በዚያ ዘመን ዕቃን በሰው ጉልበት አንድ በአንድ መርከብ ላይ መጫን በቶን 6 ዶላር ገደማ ያስወጣ ነበር። በኮንቴይነር ግን ወጪው ወደ 16 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ወረደ። ዛሬ አብዛኛው የፋብሪካ ውጤት በኮንቴይነር የሚመጣው ለዚህ ነው።

ባለ 20 ጫማው ኮንቴይነር 33 ሜትር ኩብ ያህል፣ ባለ 40 ጫማው 67 ሜትር ኩብ ያህል፣ ከፍ ያለው ባለ 40 ጫማ ደግሞ 76 ሜትር ኩብ ያህል ዕቃ ይይዛሉ። የብዙ ሰው ስህተት ያለው እዚህ ላይ ነው። ስፋቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚሸከመው ክብደት በእጥፍ አይጨምርም፤ ሁሉም የሚሸከሙት ከ26 እስከ 28 ቶን ገደማ ነው። መንገድ ላይ የተፈቀደው የመኪና ክብደት ደግሞ ከዚያም ዝቅ ሊያደርገው ይችላል።

ሴራሚክን እንውሰድ። አንድ ሜትር ኩቡ 2 ቶን ያህል ይመዝናል ብንል፣ 26 ቶኑ የሚይዘው ቦታ 13 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። ባለ 20 ጫማው ገና ግማሽ ሳይሞላ ክብደቱ አለቀ ማለት ነው። ይህን ዕቃ በባለ 40 የሚያስጭን ሰው ለአየር ኪራይ እየከፈለ ነው። ስፖንጅ ወይም የፕላስቲክ ወንበር ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የባለ 40 ኪራይ አብዛኛውን ጊዜ ከባለ 20 እጥፍ ስለሚያንስ፣ ለቀላልና ቦታ ለሚፈጅ ዕቃ ትልቁ ያዋጣል።

የጋራ ኮንቴይነር

ኮንቴይነር የማይሞላ ዕቃ ያለው ከሌሎች ጋር ተጋርቶ መጫን ይችላል። ክፍያው በሜትር ኩብ ወይም በቶን ይሰላል፤ ከሁለቱ የሚበልጠው ይወሰዳል። ለምሳሌ የጋራው በሜትር ኩብ 80 ዶላር፣ ሙሉው ባለ 20 ደግሞ 1,500 ዶላር ተባልን እንበል። ለ10 ሜትር ኩብ ዕቃ 800 ዶላር ስለምንከፍል የጋራው ይሻላል። 19 ሜትር ኩብ ስንደርስ ግን 1,520 ዶላር ይሆንና ሙሉውን መከራየት ይረክሳል። የጋራው መድረሻው ላይ የማራገፊያና የመለያያ ክፍያም ስላለው፣ በተግባር ወደ ሙሉው የምንሸጋገርበት ነጥብ ከዚያ በፊት ነው። ከዚህም በላይ የአንዱ ሰነድ ሲጓደል የሌላውም ዕቃ አብሮ ሊዘገይ ይችላል።

ከኮንቴይነር ውጭ

ስንዴና ማዳበሪያ በአሥር ሺዎች ቶን ሲመጣ በብትን ይጫናል፤ ጅቡቲ ላይ በጆንያ ተሞልቶ ይጓጓዛል። እዚህ መርከቡ በሙሉ ስለሚከራይ በቶን የሚወጣው ወጪ ይቀንሳል። ማራገፉ ከተወሰነለት ቀን ካለፈ ግን ለመርከቡ በየቀኑ ቅጣት ይከፈላል። የ12 ሜትር ፌሮ ብረትም ለኮንቴይነር አይመችም። የባለ 40 ጫማው የውስጥ ርዝመት 12 ሜትር ከጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ በበሩ ማስገባትና ማውጣት ያስቸግራል። ስለዚህ ብዛት ያለው ብረት በልቅ ጭነት፣ ተሽከርካሪ ደግሞ እየተነዳ በሚገባበት መርከብ ቢመጣ ይመረጣል።

መልቲሞዳል ወይስ ዩኒሞዳል?

በመልቲሞዳል አጓጓዡ በአንድ የጭነት ሰነድ እስከ ደረቅ ወደብ ድረስ ኃላፊነቱን ይወስዳል። በዩኒሞዳል የመርከቡ ኃላፊነት ጅቡቲ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ መኪና መፈለጉም፣ ባዶውን ኮንቴይነር በጊዜው መመለሱም የባለዕቃው ነው። ጅቡቲ ላይ ልምድ ያለው ትራንዚተርና የተዘጋጀ መኪና ያለው ሰው በዩኒሞዳል ጊዜና ገንዘብ ሊያተርፍ ይችላል። ለጀማሪ ግን የመጀመሪያው መንገድ ስጋቱ ያነሰ ነው።

ትርፍን የሚበላው መዘግየት

ኮንቴይነር ነፃ የሚቆይበት ቀን የተወሰነ ነው፤ ካለፈ ዲመሬጅ ይቆጥራል። በቀን 40 ዶላር ቢሆን፣ ሦስት ኮንቴይነር 20 ቀን ሲዘገይ 2,400 ዶላር ይሆናል። በዋጋ ድርድር ያተረፍናት ጥቂት ዶላር እዚህ ላይ ትቀልጣለች። ዋነኛው ምክንያትም ባሕሩ ሳይሆን ያልደረሰ የባንክ ሰነድ፣ የተሳሳተ ደረሰኝ ወይም ያልተዘጋጀ የቀረጥ ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ዕቃ ከማዘዛችን በፊት እነዚህን አራት ጥያቄዎች እንመልስ፦

1. ዕቃዬ ስንት ቶን፣ ስንት ሜትር ኩብ ነው?
2. የተነገረኝ ዋጋ እስከ የት ያደርሰዋል? ከዚያ በኋላ ምን ቀረ?
3. ነፃው ቀን ስንት ነው? ሲያልፍ በቀን ስንት እከፍላለሁ?
4. ሰነዴና የቀረጡ ገንዘብ መርከቡ ሳይደርስ ይደርሳሉ?

የአራቱን መልስ በወረቀት አስፍረን ሁለትና ሦስት አጓጓዦችን ስናወዳድር፣ መጀመሪያ ውድ የመሰለን መንገድ ርካሹ ሆኖ ልናገኘው እንችላለን። በዚህ ዕረፍት ቤት ስንገባ ከአባቶቻችን ጋር ያለፈውን ጭነት ወጪ ቁጭ ብለን ደምረን እንየው።